በኔትወርክ ዶሜይን ውስጥ የአካባቢና የጠቅላላ ተጠቃሚ ቡድኖችን ስለ መዘርዘር
(በሮቢት ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)





በዚህ ስብሰባ ላይ ንግግር እንዳደርግ ስጠየቅ የተሰጠኝ ርእስ በመጀመሪያ እይታ ደረቅ የሚመስል ነው። ይኸውም በአንድ የኔትወርክ ዶሜይን ውስጥ የሚገኙትን የአካባቢና የጠቅላላ ተጠቃሚ ቡድኖች እንዴት አድርጎ መዘርዘር እንደሚገባ ማስረዳት ነው። ለሙያው እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ርእስ ቢሰማ፣ «ሁለት መስመር ትእዛዝ ጽፎ ዝርዝር ማውጣት ምን ያህል ያነጋግራል?» ሊል ይችላል። እኔም በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት እንደዚሁ አስብ እንደ ነበር አልሸሽግም። ዛሬ ግን የተሳሳተ ዝርዝር በሰው ላይ ምን እንደሚያስከትል ስላየሁ፣ ጉዳዩን በዋዛ የምመለከተው አይደለሁም። ይህንኑ በመካከል እነግራችኋለሁ።

ስብሰባችን በሮቢት መደረጉ ለእኔ ልዩ ደስታ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህችው ከተማ ስለሆነ፣ ነገሩን ከመኪናው መንገድ ሳይሆን ከማሳው ልጀምር።

በዚህ በራያ ቆቦ ሜዳ ዝናብ እንደ ደጋው አይበረክትም። ማሽላውና ጤፉ የሚያድረው ከምዕራቡ ተራራ በሚወርደው ጎርፍ ተደግፎ ነው። ጎሊና ወይም ሆርማት ሞልቶ ሲመጣ፣ ውሃው የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ ሌሊትም ሊመጣ ይችላል። በዚያች ሰዓት «ተረኛው ማን ነው? ይህ ሰው ቦይ የመክፈት መብት አለውን?» ብሎ ክርክር መጀመር ማለት ውሃውን ለአሸዋ መስጠት ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ አስቀድሞ የታወቀ መሆን አለበት። የውሃ አባት የሚባለው ሰው በእርሱ ቦይ የሚጠጡትን ገበሬዎች አንድ በአንድ በስማቸው ያውቃል። በእናት ቦዩ ላይ ግን የሚቆጠረው እያንዳንዱ ገበሬ ሳይሆን ቡድኑ ነው፤ «የእነ እከሌ ቦይ ተራ» ይባላል እንጂ የሠላሳ ሰው ስም አይጠራም። ሁለት ዐይነት ዝርዝር አለ ማለት ነው፤ አንዱ ሰዎችን በቡድን የሚሰበስብ፣ ሁለተኛው ለቡድኖች መብት የሚሰጥ። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ውሃው ወደ ማን ማሳ እንደሚገባ በርግጥ ሊናገር አይችልም።

መንግሥትም ቢሆን የዚህን ነገር ክብደት በመገንዘብ፣ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት እንዴት እንደሚቋቋሙና እንደሚተዳደሩ በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ደንግጓል። አባልነት ተመዝግቦ የሚታወቅ እንጂ በግምት የሚያዝ እንዳይሆን የሚያስፈልገው ስለ ምን እንደ ሆነ ለዚህ አገር ሰው ማስረዳት አያሻም።

አሁን ወደ ሙያችን ልመለስ።

ዶሜይን የምንለው አንድ የጋራ የተጠቃሚዎች መዝገብ ያላቸውን ኮምፒዩተሮች ስብስብ ነው። ይህ መዝገብ የሚቀመጠው የዶሜይን ተቆጣጣሪ በሚባለው ሰርቨር ላይ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር፣ ወደ ዶሜይኑ የገባው እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የራሱን ትንሽ መዝገብ እንደ ያዘ መቅረቱ ነው። የአካባቢ ቡድን በዚያ ትንሽ መዝገብ ውስጥ ይኖራል፤ ሥልጣኑም ከዚያ ኮምፒዩተር አያልፍም። የጠቅላላ ቡድን፣ በተለምዶ ግሎባል የምንለው፣ በዶሜይኑ መዝገብ ውስጥ ይኖራል፤ በዶሜይኑም ውስጥ በየትኛውም ኮምፒዩተር ይታወቃል።

ይህ አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው ከዊንዶውስ ኤንቲ ጀምሮ በሰፊው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ከዊንዶውስ 2000 ጋር አክቲቭ ዳይሬክተሪ ሲመጣ የቡድኖቹ ዐይነት ጨመረ፤ የዶሜይን አካባቢ ቡድንና ዩኒቨርሳል ቡድን የሚባሉት ተጨመሩ። ከዚህም ሌላ አንድ የጠቅላላ ቡድን በሌላ የጠቅላላ ቡድን ውስጥ አባል ሆኖ እንዲገባ ተፈቀደ። ይህ የመጨረሻው ለውጥ ጠቃሚ ቢሆንም፣ በኋላ እንደምናየው፣ ለዘርዛሪው ወጥመድ ሆኗል።

የአሠራሩ መሠረታዊ ደንብ ግን ሳይለወጥ ቆይቷል። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሰውን በሚሠራው ሥራ መሠረት በጠቅላላ ቡድን ሰብስብ፤ ንብረቱን፣ ማለትም ማኅደሩን ወይም ማተሚያውን፣ ለሚጠቀሙበት ሰዎች የአካባቢ ቡድን አቋቁም፤ የጠቅላላውን ቡድን በአካባቢው ቡድን ውስጥ አስገባ፤ ፈቃድን የምትሰጠው ለአካባቢው ቡድን ብቻ ይሁን። ሒሳብ ሠራተኛዋ ወደ ሌላ ክፍል ስትዛወር ከአንድ የጠቅላላ ቡድን ትወጣለች፣ ወደ ሌላው ትገባለች፤ በየማኅደሩ እየዞሩ ስሟን መፋቅ አያስፈልግም። የውሃ አባቱ አንድ ገበሬ ሲለወጥበት እናት ቦዩን እንደማያፈርሰው ሁሉ ማለት ነው።

ወደ ዝርዝሩ እንለፍ። በዊንዶውስ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የምናውቃቸው ሦስት ትእዛዛት አሉ።

አንደኛው «ኔት ሎካልግሩፕ» ነው። ይህን ብቻውን ብንጽፍ በፊታችን ያለው ኮምፒዩተር የያዛቸውን የአካባቢ ቡድኖች ስም ይዘረዝራል። የአንዱን ቡድን ስም ጨምረን ብንጽፍ የዚያን ቡድን አባላት ያሳየናል። ኮምፒዩተሩ ወደ ዶሜይን ሲገባ «ዶሜይን አድሚንስ» የሚባለው የጠቅላላ ቡድን በአካባቢው «አድሚኒስትሬተርስ» ቡድን ውስጥ፣ «ዶሜይን ዩዘርስ» የሚባለውም በአካባቢው «ዩዘርስ» ቡድን ውስጥ በራሳቸው ይገባሉ። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ከሰው ስም ጋር የቡድን ስምም ተቀላቅሎ እናያለን። ትእዛዙ የቡድኑን ስም ይነግረናል እንጂ በቡድኑ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አይነግረንም።

ሁለተኛው «ኔት ግሩፕ» ነው። ይህ የዶሜይኑን ቡድኖች የሚዘረዝር ሲሆን፣ ከዶሜይን ተቆጣጣሪው ውጪ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ የምንጽፈው ከሆነ እዝባር አድርገን «ዶሜይን» የሚለውን ቃል መጨመር አለብን። የቡድኑን ስም ብንጨምርበት በቀጥታ አባል የሆኑትን ተጠቃሚዎች ያወጣል። ነገር ግን በቡድኑ ውስጥ ሌላ ቡድን ገብቶ እንደ ሆነ ያንን ፈጽሞ አያሳይም። «እዚህ ሌላ ቡድን አለ» ብሎ እንኳ አይጠቁምም። በዝምታ ያልፈዋል።

ሦስተኛው «ኔት ዩዘር» ነው። ይህ ከሰውየው ተነሥቶ የአካባቢና የጠቅላላ ቡድን አባልነቱን በሁለት ረድፍ ያሳያል። ሆኖም የሚያሳየው ቀጥተኛ አባልነቱን ብቻ ነው፤ በቡድን ተሸፍኖ የሚገኘውን አያሳይም።

እነዚህ ሦስቱ ለቀን ተቀን ሥራ ይጠቅማሉ። ሙሉ ዝርዝር ለሚፈልግ ግን አይበቁም። ቡድን በቡድን ውስጥ ያለውን እስከ ታች ዘልቆ ለማየት «ዲኤስጌት ግሩፕ» የሚለውን ትእዛዝ «ኤክስፓንድ» ከሚለው አማራጭ ጋር፣ ወይም በፓወርሼል «ጌት ኤዲ ግሩፕ ሜምበር» የሚለውን «ሪከርሲቭ» ከሚለው ጋር መጠቀም ያስፈልጋል። በዩኒክስና በሊኑክስ የምትሠሩ ባልደረቦቼም ከዚህ ነጻ አይደላችሁም፤ የኮምፒዩተሩን የቡድን ፋይል ብቻ ከፍቶ ያነበበ ሰው ከማእከላዊው ማውጫ የሚመጡትን ቡድኖች አያይም። ሁለቱንም ምንጭ ለማየት «ጌትኤንት» የሚለውን መጠቀም ይገባል፤ ያም ቢሆን ማእከላዊው ማውጫ ቡድኖቹ ሁሉ ተዘርዝረው እንዲወጡ የማይፈቅድ ከሆነ፣ የተጠየቀውን አንድ ቡድን እንጂ ሁሉን አያወጣም።

አሁን ከላይ የገባሁትን ቃል ልፈጽም።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። አንድ ቀን የደመወዝ ሰነድ የሚቀመጥበትን ሰርቨር ሊከፍቱ የሚችሉትን ሰዎች ዝርዝር ጽፌ እንዳቀርብ ታዘዝሁ። ሥራውን በቸልታ አልሠራሁትም። በመጀመሪያ የአካባቢውን ቡድን ዘረዘርሁ፤ በዝርዝሩም ላይ አንድ የጠቅላላ ቡድን አገኘሁ። እርሱንም በ«ኔት ግሩፕ» ከፈትሁት፤ የሁለት ሰው ስም አወጣልኝ። አንደኛው የክፍሉ ኀላፊ፣ ሁለተኛው አንድ ወጣት ቴክኒሺያን ነበሩ። «ከእነዚህ በቀር ሌላ የለም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከሰነዶቹ አንዱ ተነክቶ ተገኘ። የምርመራው መነሻ የእኔ ወረቀት ሆነ። በዕለቱ የክፍሉ ኀላፊ በመስክ ሥራ ላይ ስለ ነበሩ፣ በዝርዝሩ መሠረት የሚቀረው ወጣቱ ብቻ ነበር። ከሥራ ታገደ። እርሱም «እኔ አልነካሁም» ከማለት በቀር ሊያቀርብ የሚችለው ማስረጃ አልነበረውም፤ የሌለበትን ነገር ማስረዳት ለማንም ሰው ይከብዳልና። ነገሩ ከሳምንታት በኋላ የተገለጠው በአጋጣሚ ነው። በሌላ ጉዳይ የዶሜይኑን መዝገብ በሥዕላዊው መሣሪያ ስመለከት፣ ያ ሁለት ሰው ያለበት ቡድን በውስጡ ሌላ ቡድን ይዞ አገኘሁት። በዚያም ቡድን ውስጥ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረው መብታቸው ሳይነሣ የቀረ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም በአንዱ ስም በዚያው ዕለት ወደ ሰርቨሩ እንደ ተገባ ከዶሜይን ተቆጣጣሪው የመግቢያ መዝገብ ተረጋገጠ።

ወጣቱ ወደ ሥራው እንዲመለስ ተወሰነ። እርሱ ግን በዚያ መሥሪያ ቤት ብዙ አልቆየም። ባልደረቦቹ እገዳውን እንጂ ነጻ መውጣቱን አላስታወሱለትም። እኔም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ይቅርም ብሎኛል። ነገር ግን «ከእነዚህ በቀር ሌላ የለም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከዚያ በኋላ በማናቸውም ወረቀት ላይ ጽፌ አላውቅም። አሁን የምጽፈው «በዚህ ቀን፣ በዚህ ትእዛዝ፣ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ የተገኘው ይህ ነው» ብዬ ነው። ትእዛዙ ማየት የማይችለውንም በግልጽ እጽፋለሁ። የሙያችን ሐቀኝነት የሚለካው በምናውቀው ብቻ ሳይሆን፣ የመሣሪያችንን ወሰን በማስታወቃችንም ይመስለኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የአገራችን ሁኔታ በዚህ ሥራ ላይ የሚያመጣቸውን አንዳንድ ችግሮች ላመልክት። እነዚህን በውጭ አገር የመመሪያ መጻሕፍት ውስጥ አታገኟቸውም።

የመጀመሪያው የስማችን ጉዳይ ነው። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በ«ቲ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ»፤ መጨረሻውንም አንዱ በ«ዋይ»፣ ሌላው በ«አይ» ይዘጋዋል። በዚህ ምክንያት አንዲት ሴት በአንድ ዶሜይን ውስጥ በሁለት ስም ተመዝግባ ትገኛለች፤ አንደኛው ስም ሲዘጋ ሁለተኛው ክፍት ይቀራል። በተቃራኒው ደግሞ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች አሉ። የቀድሞው የዊንዶውስ መግቢያ ስም ከ20 ፊደል መብለጥ ስለማይችል፣ እንደ ወልደ ጊዮርጊስና ገብረ መድኅን ያሉ ረጃጅም ስሞች ተቆርጠው እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ስለዚህ በምናዘጋጀው ዝርዝር ላይ ከመግቢያ ስሙ ጎን የሰውየው ስም ከነአያቱ በአማርኛ፣ የመታወቂያ ቁጥሩም አብሮ ቢጻፍ ስሕተቱን እጅግ ይቀንሰዋል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። የኮንትራት ሠራተኛው ውል የሚያበቃው ሰኔ 30 ቀን ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ግን ጁላይ 7ን ነው። ጥንቃቄ የሌለው ባለሙያ ጁን 30 ብሎ ቢመዘግብ፣ ሠራተኛው በጀት በሚዘጋበት በዚያው ሳምንት ከሥራ ይታገዳል። ያን ጊዜ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰውየው ሥራውን እንዲጨርስ የሌላ ሰው የይለፍ ቃል ይሰጠዋል። ዝርዝሩም ከዚያች ቀን ጀምሮ ሐሰት ይሆናል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከፋው፣ የመብራትና የመስመር መቋረጥ ነው። የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር በሳተላይት ለማገናኘት በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወረዳኔት ሲዘረጋ፣ ብዙዎቻችን ከማእከል ሆነን ሁሉን ማየት የምንችል መስሎን ነበር። ነገር ግን መስመር በተቋረጠ ቁጥር ሁለት ነገሮች ይከሰታሉ። በአንድ በኩል ኮምፒዩተሩ ከዚህ በፊት የገቡትን ተጠቃሚዎች ማረጋገጫ ይዞ ስለሚቆይ፣ በተለመደው አሠራር እስከ 10 የሚደርሱትን ያስታውሳል፤ በማእከል የተዘጋ ሰው መስመር በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ መግባቱን ይቀጥላል። በሌላ በኩል ደግሞ የኮምፒዩተሩ ባትሪ ደክሞ ሰዓቱ ከዶሜይን ተቆጣጣሪው ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ፣ ኬርቤሮስ የሚባለው የማረጋገጫ ሥርዓት እውነተኛውን ሠራተኛ ሊከለክለው ይችላል። ደንበኛ ተሰልፎ እየጠበቀ ነው። ባለሙያው ምን ያደርጋል? በኮምፒዩተሩ ላይ አንድ የአካባቢ ተጠቃሚ ይፈጥርና በአካባቢው «አድሚኒስትሬተርስ» ቡድን ውስጥ ይከተዋል። ሥራው ለዕለቱ ይቀጥላል፤ መስመሩም ተመልሶ ይመጣል፤ ያ ተጠቃሚ ግን ማንም ሳያስታውሰው እዚያው ይኖራል። ከማእከል የሚወጣው የጠቅላላ ቡድን ዝርዝር ንጹሕና የተስተካከለ ሲሆን፣ የአካባቢው ቡድን ግን በየኮምፒዩተሩ እያበጠ ይሄዳል። በአገራችን የአካባቢውን ቡድን መዘርዘር ከጠቅላላው የበለጠ አስፈላጊ ነው የምለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚህም ሌላ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል። አንድን ሰው ከቡድን ብናስወጣው መብቱ በዚያችው ቅጽበት አይቋረጥም፤ የቡድን አባልነት የሚነበበው ሲገባ ስለሆነ፣ ወጥቶ እንደ ገና እስኪገባ ድረስ የቀድሞ መብቱን ይዞ ሊሠራ ይችላል። ደግሞም ኮምፒዩተሩ ሰዎችን የሚያውቀው በስም ሳይሆን ኤስአይዲ በሚባል መለያ ቁጥር ነው። አንድን ተጠቃሚ ሰርዘን በዚያው ስም እንደ ገና ብንፈጥረው፣ ለእኛ ያው ሰው ቢሆንም ለኮምፒዩተሩ አዲስ ሰው ነው። የቀድሞው ቁጥር በየማኅደሩ ላይ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። በዝርዝር ላይ ስም የሌለው ረጅም ቁጥር ስታዩ የአንድ የተሰረዘ ሰው ወይም ቡድን ዱካ ሊሆን እንደሚችል ዕወቁ።

ባልደረቦቼ ሆይ፤

በዚህች ከተማ ቆሜ ስለ መዝገብ ስናገር በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሆነውን ሳላነሣ ባልፍ ተገቢ አይሆንም። ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ወደ ቆቦና ወደ አካባቢዋ ደረሰ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ዳግመኛ ተመለሰ። በሰሜን ወሎ የብዙ መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ተቃጥሏል ወይም ተበትኗል፤ ኮምፒዩተሮችም ተወስደዋል ወይም ተሰባብረዋል። መብራትና ስልክ ለወራት ተቋርጠው ነበር። የሰው ሕይወት ከጠፋበት ነገር አጠገብ የኮምፒዩተር መዝገብ ማንሣት የሚያሳፍር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲመለስ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የመሬት ደብተሩን፣ የጡረታ ሰነዱን፣ የልጁን የትምህርት ማስረጃ ነው። እነዚህን ሰነዶች ማን ሊከፍት፣ ማን ሊያርም ይችላል የሚለው ጥያቄም ወዲያው ይከተላል።

ከጦርነት በኋላ ተጠቃሚዎችን መመዝገብ ከባዶ እንደ መጀመር አይደለም። የሞተ አለ፤ የተሰደደ አለ፤ በሌላ ወረዳ ተመድቦ የቀረ አለ። የተወሰደው ኮምፒዩተር ቢጠፋም የማሽኑ ስም በዶሜይኑ መዝገብ ውስጥ አለ፤ በላዩ ላይ የነበረው የአካባቢ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም ከሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ጋር አንድ ዐይነት ከሆነ፣ የተወሰደው አንድ ማሽን የቀሩትን ሁሉ ቁልፍ ይዞ ሄዷል ማለት ነው። ለዚህም መድኃኒት የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. የወጣውና እ.ኤ.አ. ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ላፕስ የሚባለው አሠራር ነው፤ ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር የተለያየ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል እየሰጠ በየጊዜው ይቀይረዋል። የአካባቢ ቡድኖችንም ከማእከል ሆኖ በግሩፕ ፖሊሲ መወሰን ይቻላል፤ ማንም በችኮላ የጨመረው ተጠቃሚ መስመሩ ሲመለስ በራሱ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ዝርዝሩን የሚያጸድቀው ማን ነው? በእኔ አስተያየት ባለሙያው ብቻ መሆን የለበትም። እኛ የምናውቀው የትኛው ስም በየትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ ነው፤ ያ ሰው እዚያ ሊኖር ይገባዋልን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በክፍሉ ኀላፊ ዘንድ ነው። የውሃ አባት ሳይጠየቅ ከቆቦ ወይም ከወልዲያ ሆኖ የቦይ ተራ የሚያወጣ እንደሌለ ሁሉ፣ የክፍሉ ኀላፊ ሳያየው የቡድን ዝርዝር ሊጸድቅ አይገባም። ስለዚህ ዝርዝሩ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በጀት ከተዘጋ በኋላ በሐምሌ፣ አንድ ጊዜም በጥር፣ በክፍሉ ኀላፊ እየታየ እንዲፈረም ሐሳብ አቀርባለሁ። ዝውውር ባለ ጊዜም የሰው ኀይል አስተዳደር ደብዳቤ ለእኛ ግልባጭ ሳይደረግ እንዳይወጣ መጠየቅ ይኖርብናል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዝርዝሩ ራሱ ምስጢር ነው። የትኛው ሰው የትኛውን በር እንደሚከፍት የሚናገር ወረቀት በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አይደለም። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባት ወንጀል ሲሆን፣ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ ኀላፊነት ተጥሎበታል። የሰዎችን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና መብት ሰብስበን ስንጽፍ እኛም የዚህ ኀላፊነት ተካፋዮች ነን። ዝርዝሩ ለሚመለከተው ኀላፊ ይቅረብ፤ አንድ ቅጂ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ሌላው ቅጂም ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ በሌላ ከተማ ይኑር። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያለፉት ዓመታት አስተምረውናል ብዬ አምናለሁ።

ንግግሬን ለማጠቃለል፣ ወደየመሥሪያ ቤታችሁ ስትመለሱ እንድትፈጽሙት የምለምናችሁ ሥራ ቀላል ነው። አንድ ሰርቨር ምረጡ፤ ከሁሉ ይልቅ የሰው ደመወዝ ወይም የሰው መሬት የተመዘገበበትን ምረጡ። የአካባቢውን «አድሚኒስትሬተርስ» ቡድን ዘርዝሩ። በውስጡ የምታገኙትን የቡድን ስም ሁሉ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ በመጀመሪያው ትእዛዝ አትቁሙ። ከዚያም በእያንዳንዱ ስም አጠገብ «ይህ ሰው ማን ነው? አሁን የት ይሠራል? እዚህ የገባው በማን ትእዛዝ ነው?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ጻፉ። መልስ የሌለው ስም ብታገኙ ወዲያው አትሰርዙት፤ ዝጉትና ጠይቁ። መሰረዝ ዱካውን ያጠፋዋል፤ መዝጋት ግን ለማጣራት ጊዜ ይሰጣል።

ያን ወጣት ቴክኒሺያን አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ሊያድነው ይችል ነበር። በእጃችን ባለው መዝገብ ውስጥ እንደ እርሱ ያለ ሌላ ሰው ስሙ ተጽፎ ይገኝ ይሆናልና፣ ይህን ሥራ ለነገ እንዳናሳድረው አደራ እላለሁ።